የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከላይ ዩኒፎርም ከታች ቢጃማ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ ባለቤቴ አሜሪካ አርሚ ውስጥ ሳጅን ነው። በፈረንጆቹ ገና የክፍሉ ልጆች ፈቃድ ሲወጡ እሱ የራሱን ፈቃድ ለኛ ገና ብሎ ስላስቀመጠ ያን ሰሞን ከቤት ሆኖ እንዲሰራ ተፈቀደለት። ከላይ ዩኒፎርም ከታች ቢጃማ ለብሶ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ፎቶ አነሳሁትና ቤተሰብ ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት፣ በቃ ከዛ ወዲህ ወንድሞቼ በየቀኑ "የሳሎን ግንባር መግለጫ" ያወጣሉ። "ዛሬ ረፋድ ላይ የሶስት ዓመቷ ታጣቂ ላፕቶፑን ለመቆጣጠር ያደረገችው ሙከራ በብስኩት ድርድር ተፈቷል" "ሳጅኑ ወደ ፍሪጅ ያደረገው ስልታዊ ጉዞ በፆም ምክንያት ውጤት አላስገኘም" ምናምን። እሱ እየሳቀ ነው የሚያነበው፣ እናቱ ግን ከአዲስ አበባ ደውለው "ልጄን መሳለቂያ አታድርጉት፣ ወታደር ነው" አሉኝ። ላስቁማቸው ወይስ ልተዋቸው?
የሳጅኑ ሚስት

መልስ፦ እህቴ እንዳታስቆሚያቸው። የብስኩት ድርድሩን ሳነብ እዚህ ቢሮ ያለነው ሁሉ ነው የሳቅነው። በገና መቀለድ ደግሞ እኛ ጋር ድሮም የነበረ ነው፣ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ሲባል ዝም ብሎ አይደለም፣ የገና ዱላ ይዞ ሜዳ የወጣ ሰው ጌታም ይሁን ሎሌ እኩል ነው የሚራወጠው፣ ሩሩ ጌትየውን ቢያገኛቸውም፣ የተሸነፈው ላይ ግጥም ቢደረደርበትም ቅያሜ የለም።

ወታደር ቤትም ይሄው ልማድ አለ። አሜሪካ ጦር ውስጥ በታንክስጊቪንግና በገና ምግብ አዛዦቹና ትልልቆቹ ሳጅኖች የክብር ልብሳቸውን ለብሰው ጭልፋ ይዘው ለተራው ወታደር ያወጣሉ፣ ዓመቱን ሙሉ "የስ ሰር" ሲል የከረመ ልጅ ኮሎኔሉን "ድንቹን ትንሽ ጨምርበት" የሚልበት ቀን ነው። እንግሊዞቹ ደግሞ በገና ጠዋት መኮንኖቹ ሩም የሚባል መጠጥ የገባበት ሻይ ይዘው ወታደሮቻቸው ጋር ይሄዳሉ፣ ገንፋየር ነው የሚሉት። ማዕረግ በጣም ጠንከር ያለበት ቤት በዓመት አንዴ ላላ ማለት ያስፈልገዋል፣ ቀልዱም ከዛው ነው የሚመጣው። ስለዚህ ወንድሞችሽ ሳያውቁት ደህና ወግ ነው የያዙት።

ግን እማማንም እረዳቸዋለሁ፣ እሳቸው የሰሙት ሌላ ነገር ይመስለኛል። "ቤት ቁጭ ብሎ ወታደር አለ እንዴ" የሚል ነገር ካለበት እሱ ቀልድ አይደለም፣ ሰውየውን ስራ ፈት እያሉት ነው። ቢጃማው ላይ፣ ልጅቷ ላይ፣ ፍሪጁ ላይ ይቀለድ፣ ስራው ላይ ግን አይሆንም። ወታደር ከቤት መስራቱ አዲስ ነገርም አይደለም፣ ኮቪድ ሲመጣ በ2020 ፔንታጎን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ900,000 በላይ ለሆነ ሰው ከቤት የሚሰራበት የቲምስ (የማይክሮሶፍት የቪድዮ ስብሰባ ፕሮግራም) አካውንት ከፍቶ ነበር። ምስጢር የሆነ ነገር ቤት አይገባም፣ እዛው ቢሮ በተለየ መስመር ነው የሚቀረው፣ ቤት የሚሰራው የወታደሮቹ የስራ ግምገማ፣ የስልጠና ፕሮግራም፣ የፈቃድ ወረቀት፣ ደሞ የግድ የሚጨረሰው የሳይበር ትምህርት ነው። አሰልቺ ነው አውቃለሁ፣ ግን የፈቃዱ ወረቀት ሳይፈረም የቀረ ልጅ እናቱ ጋ አይሄድም። ባልሽ ያን ሰሞን ላፕቶፑ ላይ ስለተቀመጠ ነው ሌሎቹ አውሮፕላን የተሳፈሩት፣ ፈቃድ ደግሞ በወር 2 ቀን ተኩል፣ በዓመት 30 ቀን ብቻ ስለሆነ ለኛ ገና ብሎ መቆጠቡ ቀላል ነገር አይደለም፣ ሁሉም በሚወጣበት ሰዓት መቅረት ነው፣ ያውም ዲሴምበር 25 እናንተ ቤት ገና ፆም ላይ ናችሁ።

ይሄን ለእማማ በደንብ ንገሪያቸው። ከዛ መግለጫውን ራሱ ልጃቸው ደውሎ ያንብብላቸው፣ ከሱ አፍ ሲሰሙት ሌላ ነው የሚሆነው። ለኛ ገና አንዱን መግለጫ እሳቸውም ያውጡ፣ ልጃቸው በልጅነቱ ምን እንደሚያደርግ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፣ ወንድሞችሽ ዝም የሚሉት ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ቴክሳስ ነው ያለሁት፣ አርሚ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። በገና ሰሞን ሁላችንም ከቤት ነበርን፣ ሳጅናችን በቪድዮ ስብሰባ ላይ ማይኩ ክፍት መሆኑን ረስቶ ውሻውን እንደ ህፃን ሲያባብል ሰማነው። የዚህ ሰውዬ ድምፅ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ነው የሚሰነጥቀው ስላችሁ። ስክሪኑን ፎቶ ይዤዋለሁ፣ ሚም ሰርቼ ግሩፑ ላይ ልልቀቀው? በገና ምን ይለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ ቆይ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ያልነው እኛ ነን፣ የአሜሪካ የጦር ህግ ውስጥ የገና ቀን የሚባል አንቀፅ የለም። አንቀፅ 89 የበላይ መኮንንን መድፈር ይከለክላል፣ አንቀፅ 91 ደግሞ ስራው ላይ ያለ ሳጅንን በንግግርም በሁኔታም ማዋረድን ያስቀጣል፣ እሱ ደግሞ ስብሰባ እየመራ ነበር። በውሻ ምክንያት ፍርድ ቤት ትቆማለህ እያልኩህ አይደለም፣ ግን ማንም ማፅዳት የማይፈልገውን ቦታ ስታፀዳ ጃንዋሪን ልትጨርስ ትችላለህ።

መጀመሪያ ለሱ ለብቻው አሳየው። ከሳቀ ራሱ ነው ለግሩፑ የሚልከው፣ ካልሳቀም አጥፋውና እርሳው። እኔ እንደሚመስለኝ ይስቃል፣ ውሻውን እንደዛ የሚያባብል ሰው ልቡ ክፉ አይደለም።

የስብሰባውን ስክሪን ግን በፍፁም እንዳትልክ፣ የሰዎች ስም አለ፣ ፕሮግራም አለ። በኖቬምበር 2012 የእንግሊዙ ልዑል ዊሊያም ሄሊኮፕተር አብራሪ እያለ ስራው ላይ የተነሳው ፎቶ ተለቀቀና ከጀርባው ግድግዳ ላይ የይለፍ ቃል ተለጥፎ ታየ፣ ፎቶው ተነስቶ የይለፍ ቃሉ መቀየር ነበረበት። በ2018 ደግሞ ስትራቫ የሚባለው የሩጫ አፕ ያወጣው ካርታ ላይ ወታደሮች የሚሮጡበት መስመር በረሃ መሃል እያበራ ካምፖቹ የት እንዳሉ አሳየ፣ በዛው ዓመት ፔንታጎን ግዳጅ ላይ ቦታ የሚናገር አፕ እንዳይከፈት ከለከለ። እነዚህ ሰዎች ማንንም ሊጎዱ አስበው አልነበረም።

የቨርጂኒያዋ እህቴ ይሄ ላንቺም ነው፣ ያንን የቢጃማ ፎቶ አሁኑኑ መልሰሽ እይው። መታወቂያ ካርዱ ላፕቶፑ ላይ ተሰክቶ ከታየ አንሺው፣ የወታደር መታወቂያ ፎቶ ማንሳትና ማባዛት በፌደራል ህግ የተከለከለ ነው። ስክሪኑም ከታየ እንደዛው። ቢጃማው ብቻውን ይበቃል፣ ሳቁ ያለውም እሱ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ከኦሮራ ኮሎራዶ ነኝ። የ6 ዓመት ልጄ "ወታደሮች ሳንታን በራዳር ይከታተሉታል፣ ስልክም ያነሳሉ" ብላ ድርቅ አለች። ጦር ሰራዊት እንዲህ ይጫወታል? በኮቪድ ጊዜስ ከቤት ሆነው ነው የተከታተሉት?

መልስ፦ ልጅሽ ትክክል ናት፣ ደግሞ የሚሰሩት ከናንተው ብዙም ሳይርቅ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ነው። ነገሩ የተጀመረው በ1955 ነው፣ ኮሎኔል ሃሪ ሹፕ የአየር መከላከያ ማዕከሉ ላይ ሃላፊ ነበር። ቤተሰቦቹ እንደሚያወሩት ሲርስ የሚባለው መደብር ያወጣው የሳንታ ስልክ ቁጥር በስህተት ታትሞ ጥሪው የሹፕ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ያ ስልክ ሲጮህ የሶቪየት ቦምብ መጣ ተብሎ ነው የሚነሳው፣ ሲያነሳው ትንሽ ልጅ ሳንታን ፈልጎ ነው። መጀመሪያ የሚያላግጡበት መስሎት ተቆጣ፣ ልጁ ሲያለቅስ ግን ሳንታ ሆኖ መለሰለት፣ ከዛ ወታደሮቹን ስልኩ ላይ መደበ። ይሄን ሰውዬ እወደዋለሁ፣ የኒውክሌር ፍርሃት አናቱ ላይ ተቀምጦ ለአንድ ልጅ ሳንታ መሆን ትልቅ ሰው ይጠይቃል።

በ1958 አሜሪካና ካናዳ ኖራድ የሚባለውን የጋራ የአየር መከላከያ ዕዝ ሲያቋቁሙ ስራው ወደዛ ዞረ፣ እስካሁን አልተቋረጠም። የሚያወጡት መግለጫም በወታደር ቋንቋ ነው፣ ሳንታን የሚያገኙት የአጋዘኑ ቀይ አፍንጫ የሚያወጣውን ሙቀት በሳተላይት እያዩ እንደሆነ ኮስተር ብለው ይነግሩሻል። ሌላ ጊዜ ከ1,000 በላይ በጎ ፈቃደኛ፣ ወታደሩም ቤተሰቡም ሲቪሉም፣ በፈረቃ እየተቀመጠ ስልክ ያነሳል። በ2020 ግን አዳራሹ ውስጥ በአንዴ የሚቀመጠው ሰው በጣም ተቀነሰ፣ ሰው ያላገኘ ልጅ ሳንታ የት እንደደረሰ የሚናገር የተቀዳ መልእክት ይሰማ ነበር። ስለዚህ ሁሉም ቤቱ አልገባም፣ ጥቂቶቹ እዛው ቀርተዋል።

ስልኩ የሚነሳው ዲሴምበር 24 ነው። የኛ ገና ዋዜማ ጃንዋሪ 6 ላይ ብትደውል የሚያነሳላት የለም፣ እንዳታዝን በዲሴምበሩ አስደውያት፣ በ24 በማለዳው ብትሞክሪ መስመሩ ይቀልላል።