ከፍየል ግት የሚወጣ መድኃኒት

ጥያቄ፦ በጎንደር ከተማ የአዘዞ ነዋሪ ስሆን ጥቂት ፍየሎችና አንዲት የፎገራ ላም አሉኝ። በዩኒቨርሲቲ ባዮቴክኖሎጂ የምታጠናው ልጄ፣ በውጭ አገር የሰው ዘረመል የገባባቸው ፍየሎች በወተታቸው መድኃኒት እንደሚሰጡ ነገረችኝ። እውነት ከሆነ ያን ወተት የጠጣ በሽተኛ ይድናል ማለት ነው? የእኔስ ፍየሎች እንዲህ ሊደረጉ አይችሉም? ባለቤቴም «በጾም ጊዜ እንዴት ይሆናል?» ብላለችና አብራሩልን።

መልስ፦ ልጅዎ የነገረችዎ እውነት ነው፤ ወተቱን ጠጥቶ መዳን ግን የለም። በወተቱ ውስጥ ያለው መድኃኒት ፕሮቲን ሲሆን፣ በአፍ ከገባ ጨጓራና አንጀት ከእንቁላል ወይም ከሥጋ ሳይለዩ ይፈጩታል። ስለዚህ ወተቱ ከታለበ በኋላ ቅባቱና አይብ የሚሆነው ክፍል ይወገዳል፤ ቀሪው ደጋግሞ ተጣርቶና ቫይረስ ከሚያጠፋ ሂደት አልፎ የሚፈለገው ፕሮቲን ብቻ ሲቀር በመርፌ በደም ሥር ይሰጣል።

በዚህ መንገድ ተሠርቶ የመጀመሪያውን ፈቃድ ያገኘው፣ አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2006፣ አሜሪካ በ2009 የተቀበሉት አትሪን ነው። በውስጡ ያለው አንቲትሮምቢን ደም ያለ ቦታው እንዳይረጋ የሚከላከል የሰው ፕሮቲን ሲሆን፣ በዘር በሚወረስ ጉድለት ያነሰባቸው ሰዎች በተለይ በቀዶ ሕክምናና በወሊድ ጊዜ ይሰጉበታል። ይህ ፕሮቲን ይገኝ የነበረው ሰዎች ከለገሱት ደም ነው፤ አምራቹ ኩባንያ እንደገለጸው አንዲት ፍየል በዓመት የምትሰጠው 90,000 ያህል የደም ልገሳ ከሚያስገኘው ጋር ይመጣጠናል።

«ታዲያ ለምን እንደ ኢንሱሊን በባክቴሪያ አይሠራም?» ቢሉ፣ ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ የሰው ኢንሱሊን ለገበያ ያበቃው ኢንሱሊን ትንሽና ቀላል ፕሮቲን ስለሆነ ነው። እንደ አንቲትሮምቢን ያሉት ትልልቅ ፕሮቲኖች የስኳር ሰንሰለት ካልተያያዘላቸው በአግባቡ አይሠሩም፤ ይህን ማያያዝ ተራው ባክቴሪያ አይችልበትም፣ የግት ሕዋስ ግን ተፈጥሮው ነው።

የሰው ዘረመል ለብቻው አይገባም። ኬዚን የተባለውን፣ አይብ የሚሆነውን የወተት ፕሮቲን የሚያዝዘው የፍየል ዘረመል ክፍል ይቀጠልበታል፤ ይህ ክፍል እንደ መብራት ማብሪያ ሆኖ የሚበራው በግት ውስጥ፣ ያውም ፍየሏ በምትታለብበት ወቅት ነው። የተቀጠለው ዘረመል ገና አንድ ሕዋስ በሆነ ጽንስ ውስጥ እጅግ በቀጠነ መርፌ ይገባና ጽንሱ በሌላ ፍየል ማሕፀን ያድጋል። ብዙዎቹ ጽንሶች ዘረመሉን ሳይቀበሉ ይቀራሉ፤ የተቀበለችው ግልገል ግን ለልጆቿም ታወርሰዋለች። እንግዲህ በጋጣዎ ያሉት ፍየሎች አንዴ ተወልደዋልና በዚህ መንገድ ሊለወጡ አይችሉም።

ነገሩ በፍየል ብቻ አልቀረም። በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ1990 የተወለደችው ትሬሲ የተባለች በግ በአንድ ሊትር ወተት 35 ግራም ያህል የሰው ፕሮቲን ትሰጥ ነበር፤ መድኃኒቱ ግን ለገበያ ሳይበቃ ቀረ፤ ፕሮቲኑ በወተቱ መትረፍረፉ ብቻውን መድኃኒት አያደርግምና። በአንጻሩ ድንገተኛ የአካል እብጠት ለሚያመጣ የዘር በሽታ የሚሰጠው ሩኮኔስት፣ በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2010፣ በአሜሪካ በ2014 የተፈቀደው፣ የሚገኘው ከጥንቸል ወተት ነው። ጥንቸል ትታለባለች ቢባል አዘዞ ላይ ሳያስቅ አይቀርም፤ ቶሎ የምትራባ በመሆኗ ግን ለዚህ ሥራ ትመቻለች። ጥንቸል አለርጂ የሚሆንበት ሰው መድኃኒቱን እንዳይወስድ መከልከሉም ምንጩ እንደማይረሳ ያሳያል።

እንዲህ ያሉ እንስሳትን ወደ አገራችን ለማስገባት ወይም እዚሁ ለማርባት ያሰበ ሰው፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655 ልውጥ ሕያዋንን፣ ማለትም ዘረመላቸው የተቀየረ ሕያዋንን፣ ስለሚመለከት፣ አስቀድሞ የመንግሥት ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። ፈቃድ ቢገኝ እንኳ መንጋው እንደ ተራ ከብት ለግጦሽ አይሰማራም፤ ከሌላ እንስሳ ጋር ሳይቀላቀል፣ ጤናው በየጊዜው እየተመረመረ በዝግ ቦታ ይያዛል።

የባለቤትዎን ጥያቄ በተመለከተ፣ በመርፌ የሚሰጠው ተጣርቶ የወጣው ፕሮቲን እንጂ ወተት አይደለም፤ በጾም ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን ግን የንስሐ አባታችሁን ብትጠይቁ ይሻላል፣ የመጽሔታችን ሥልጣን እስከዚያ አይደርስም።