ጾምን የሚነቅፍ ምሁር ባዳምጥ ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር አካባቢ ነው፤ ባጃጅ እነዳለሁ። አንድ የታወቀ ምሁር በዩቲዩብ እከታተላለሁ። ስለ ሥራና ስለ ቁጠባ ብዙ ተምሬበታለሁ። በቅርቡ ግን «የሚጾመው ሁሉ ገበያ ላይ ሚዛን ይሰርቃል፤ ጾም ምንም አይጠቅምም» አለ። ጓደኞቼ ከነጭራሹ አትስማው ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የላክህልኝን ንግግር ሁለት ጊዜ ሰማሁት። መጀመሪያ ስሰማው ደሜ ፈላ። እሱ እያወራ እኔ መልሴን ነበር የማዘጋጀው። ስለዚህ ደግሜ ከፈትኩት፤ በዚህኛው ጊዜ እሱ ያለውን በወረቀት እየጻፍኩ።

ቅዱስ ጳውሎስም አቴና ሲገባ መንፈሱ ተበሳጭቶ ነበር (የሐዋርያት ሥራ 17)። ብስጭቱ ግን ዓይኑን አልጋረደበትም። መሠዊያቸውን ተመለከተ፤ «ለማይታወቅ አምላክ» የሚለውን ጽሑፍ አነበበ። ባለቅኔዎቻቸውንም ያውቃል። «እኛ ደግሞ ዘመዶቹ ነንና» የሚለውን ስንኝ ጠቀሰላቸው። ስንኙ አራጦስ የተባለ ባለቅኔ ዜውስ ለሚባለው ጣዖት የገጠመው ነው። ጳውሎስ ቃሉን ወሰደ፤ ጣዖቱን እዚያው ተወ። ትንሣኤ ሙታን ላይ ሲደርስ ደግሞ ሰው እንዳይከፋው ብሎ አላለዘበም። እኩሌቶቹ አፌዙበት።

ያንተም ምሁር ሁለት ነገር አንድ ላይ አስሮ ነው የሰጠህ። ፍታው። ጾመኛ ሆኖ ሚዛን የሚሰርቅ አለ? አዎ፣ አለ። «ሁሉ» ማለቱ ግን ልክ አይደለም። ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 «እነሆ፥ ለጥልና ለክርክር ትጾማላችሁ» ብሎ ገሥጿል። እዚህ ላይ ምሁሩን ከመስደብ ራሳችንን ብንመረምር ይሻለናል።

«ስለዚህ ጾም አይጠቅምም» ሲል ግን መንገዳችን ይለያያል። ኢሳይያስ ጾሙን ተዉት አላለም፤ እንጀራህን ለተራበ ቁረስ ነው ያለው። ደግሞስ ሚዛን የሚሰርቅ ሰው በፋሲካም ይሰርቃል። ለዚህ በዓሉን የሚከስ አለ?

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል። ስለ ቁጠባ ሲናገር የተማረውን ነው የሚነግርህ። ስለ ጾም ሲናገር ከውጭ ያየውን ነው። ድምፁ ያው ስለሆነ ልዩነቱ ቶሎ አይታወቅህም።

የጓደኞችህ ፍርሃት ግን ከንቱ አይደለም። ከመናኸሪያ እስከ ፍቅር ሐይቅ ስትመላለስ የምትሰማው የእሱን ድምፅ ብቻ ከሆነ፣ ሳይታወቅህ በእሱ አፍ ማውራት ትጀምራለህ። ያኔ መመዘኑ ቀረ። ጠዋት ሞተሩን ሳታስነሣ፣ ስልኩንም ሳትነካ ውዳሴ ማርያምህን ድገም። ማታ እሱ ያለውን በራሱ አነጋገር ደብተርህ ላይ አስፍር። ቢያነበው «አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት» ይላል ወይ ብለህ ራስህን ጠይቅ። ያልተስማማህበትን ከሥሩ ጻፍ። ልብህን የከበደህን ደግሞ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደብተርህን ይዘህ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ጋ ና። እኔም ወረቀቴን ይዤ እመጣለሁ። አንድ ቦታ ላይ ያላለውን ነገር ብሏል ብዬ የጻፍኩበት ይመስለኛል፤ አብረን እናየዋለን።