የሹራብ ኮረንቲና ኮክሌር ኢምፕላንት፦ የማታ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ እንደምን አመሻችሁ ቤተሰብ። ታኅሣሥ ገባ፣ አየሩ ደረቀ፣ ሹራብ ሲወልቅ ጠጠጠ ማለት ጀመረ። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ያው ጭንቀት ስለሚመጣ ዛሬ ስለ ስታቲክ፣ ማለትም ልብስ ሲፋተግ ስለሚጠራቀመው ኮረንቲ፣ ብቻ እንነጋገር። ለአዲሶቹ፦ ሥራዬ ኤሌክትሮኒክስ ነው። ማጅራት ገትር ጆሮዬን ከወሰደው ወዲህ የምሰማው በኮክሌር ኢምፕላንት ነው፦ ከቆዳ በታች የተተከለ ክፍል፣ ድምፅ የሚቀበል የውጪ ፕሮሰሰር፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ራስ ላይ በማግኔት የሚለጠፍ ኮይል። ሐኪም አይደለሁም። የማፕ (የፕሮሰሰሩ ፕሮግራም) እና የቀዶ ሕክምና ጥያቄ ለኦዲዮሎጂስታችሁ፣ ማለትም ለመስማት ባለሙያችሁ፣ እና ለሐኪማችሁ ይሁን።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ መጀመሪያ ቆዳ፣ ከዚያ ዕቃ። ዛሬ ደጋግሜ እለዋለሁ።

እናት ከደብረ ብርሃን፦ ኢንጂነር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። ትናንት ጠዋት ገና ብርድ ልብስ ውስጥ እያለች ፕሮሰሰሩን ላደርግላት ስል ጣቴና ኮይሉ መካከል ጠቅ አለ። ሁለታችንንም ነዘረን። ጮኸች፣ ከዚያ አላደርግም ብላ አለቀሰች። ውስጥ ያለው ተቃጥሎ ይሆን? ሌሊቱን አልተኛሁም።

መላሽ፦ እህቴ፣ ተረጋጊ። መጀመሪያ አንድ ነገር ንገሪኝ፦ ከዚያ ወዲህ ትሰማለች?

እናት ከደብረ ብርሃን፦ አዎ፣ ስጠራት ትዞራለች። ግን እፈራለሁ።

መላሽ፦ ከዞረች መልካም ነው። አሁን በሰፊው ልመልስልሽ፣ ሌሎቻችሁም አንብቡት።

ውስጥ ያለው ክፍል ከቆዳ በታች ነው፣ የታሸገ ነው፣ ወደ ውጭ የሚወጣ ሽቦ የለውም። ኃይሉንም ድምፁንም የሚቀበለው ከኮይሉ በሬዲዮ ሞገድ ነው። ስታቲክ ችግር ሲፈጥር ብዙውን ጊዜ የሚመታው የውጪውን ፕሮሰሰር ነው፣ በተለይም ውስጡ የተጻፈውን ማፕ። ማፕ ማለት በውስጥ ጆሮ ላለው ለያንዳንዱ ኤሌክትሮድ (ኮረንቲ መስጫ ነጥብ) ምን ያህል ኮረንቲ እንደሚላክ የሚወስነው ፕሮግራም ነው፣ ለልጅሽ ብቻ የተለካ። ብልጭታው ያንን ሊያዛባ ወይም ሊያጠፋ ይችላል። በድሮዎቹ ፕሮሰሰሮች ይሄ በብዛት ይደርስ ነበር። አዳዲሶቹ የተሻለ መከላከያ አላቸው። አምራቾቹ ግን አሁንም በመመሪያቸው ያስጠነቅቃሉ፣ እኔም አስጠነቅቃለሁ።

ማፑ ሲዛባ ምልክቱ ይሄ ነው፦ መብራቱ ይበራል፣ ባትሪው ሙሉ ነው፣ ልጁ ግን አይሰማም። ወይም ድምፁ ተለወጠብኝ ይላል። ያኔ አጥፉት፣ ባትሪውን አውጡ፣ ትንሽ ቆይታችሁ መልሱት። ካልሆነ ወደ ሌላ ፕሮግራም ቀይሩ። አሁንም ካልሆነ ልጁ ላይ አታቆዩት፣ ኦዲዮሎጂስቱ ማፑን እንደገና ይጫንበት።

አሁን ወደ ጠዋቱ ልመለስ። ልጅሽ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሠራሽ ብርድ ልብስ ውስጥ ስትገላበጥ ሰውነቷ ቻርጅ ይዟል። አንቺም በሹራብሽ ቻርጅ ይዘሻል። የሁለታችሁ መጠን እኩል አይደለም። መጀመሪያ የተነካካችሁበት ቦታ ላይ ልዩነቱ ዘልሎ ያልፋል። ትናንት ያ ቦታ ኮይሉ ነበር። ጉንጯን ወይም እጇን በመዳፍሽ ቀድመሽ ይዘሽ ቢሆን ኖሮ ብልጭታው ቆዳ ላይ ያልቅ ነበር፣ ዕቃው ምንም አይነካውም። ስለዚህ ጠዋት ከብርድ ልብስ ትውጣ፣ ልብሷን ትልበስ፣ መዳፍሽን ጉንጯ ላይ አሳርፊ፣ ከዚያ ፕሮሰሰሩን አድርጊላት። ማታ ተቃራኒው ነው፦ ፕሮሰሰሩ መጀመሪያ ይወልቃል፣ ሹራቡ በኋላ። ስታወልቂም ቆዳዋን ሳትነኪ ወደ ዕቃው እጅሽን አትስደጂ።

ስለ ማልቀሷ፦ የፈራችው ንዝረቱን ነው። ለጥቂት ጠዋቶች መጀመሪያ እጅሽን አስነኪያት፣ ራሷ ትንካሽ። ካላስገደድሻት ይለቃታል።

የፊዚክስ መምህር፦ አንድ ነገር አልገባኝም። የግድግዳው 220 ቮልት ሰው ይገድላል። የሹራቡ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው ይባላል። ታዲያ እንዴት አይገድለንም?

መላሽ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ቮልት ብቻውን አይገድልም። የግድግዳው ኮረንቲ ከጀርባው ሙሉ የኃይል ጣቢያ አለ፣ እስካልተላቀቅክ ድረስ ይፈሳል። የሹራቡ ቻርጅ ግን በጣም ትንሽ ነው፣ ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። በደረቅ አየር ምንጣፍ ላይ የተራመደ ሰው እስከ 35,000 ቮልት ሊይዝ እንደሚችል በሙያችን ሰንጠረዦች ተጽፏል። ያው ሰው፣ ያው ምንጣፍ፣ አየሩ እርጥብ ሲሆን ወደ 1,500 ይወርዳል። ለዚህ ነው በክረምት ይሄን ጥያቄ ማንም የማይጠይቀኝ። በክረምት የምትጠይቁኝ ስለ እርጥበት ነው።

ሌላም አለ። የሰው ቆዳ ወደ 3,000 ቮልት እስኪደርስ ድረስ ብልጭታውን አያውቀውም። መከላከያ የሌለው የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ግን ከ100 ቮልት በታችም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ «አልነዘረኝም፣ ስለዚህ ስታቲክ የለም» አትበሉ። ለዚህም ነው ባልነዘራችሁ ቀን እንኳ መጀመሪያ ቆዳ፣ ከዚያ ዕቃ የምለው።

አባወራ፦ ጆሮዬ ላይ ስታቲክ ይረብሸኛል። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ ምን ዓይነት? መቼ? የት? የትኛው ዕቃ?

አባወራ፦ ሽሽሽ ይላል።

መላሽ፦ ወንድሜ፣ በዚህ ልረዳህ አልችልም። እቤት ነው ሥራ ቦታ? ራስህን ስታዞር ይጨምራል? ጻፍና ተመለስ።

አባወራ፦ ይቅርታ። ቀኝ ጆሮ ነው። አንገቴን ሳዞር ይቆራረጣል፣ ቻር ቻር ይላል። ቢሮም ቤትም ያው ነው።

መላሽ፦ አሁን ጠየቅህ። ይሄ የሹራብ ኮረንቲ አይደለም። ሁለቱን አታምታቱ፦ ስታቲክ ጠቅ ብሎ ነዝሮ ያልፋል፣ የሚቆይ ሽሽታ የዕቃ ችግር ነው። አንገት ሲዞር የሚቆራረጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የኮይሉ ገመድ ውስጡ ተበጥሷል። ትርፍ ገመድ ካለህ እሱን ብቻ ቀይር፣ ሌላ ምንም አትንካ። ካልተሻለህ ገመዱን መልሰህ ኮይሉን ቀይር። ከዚያ የባትሪ መገናኛውን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፣ የማይክሮፎኑን መሸፈኛም እይ። ሁሉንም ባንድ ላይ ከቀየርክ ጥፋተኛውን አታገኘውም። ሌሊት ማድረቂያ ውስጥ አሳድረው።

ሽሽታው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ ሸምበቆ መብራት ሥር፣ ቴሌኮይሉ፣ ማለትም መግነጢሳዊ ምልክት ተቀብሎ ወደ ድምፅ የሚለውጠው ክፍል፣ በርቶ ይሆናል። አጥፋው።

ተማሪ፣ አዲስ አበባ፦ ሞልና ባንክ መግቢያ ላይ ሁሌ ይፈትሹኛል። በእጅ የሚይዙትን መፈተሻ ጭንቅላቴ ላይ ሲያስጠጉት ዝዝዝ ይላል። ያበላሸዋል?

መላሽ፦ ዝዝዝ ማለቱ ከመፈተሻው መግነጢሳዊ መስክ ነው፣ ቴሌኮይል ከበራ ይብሳል። አጥፍተሽ ቁሚ። የኢምፕላንት ካርድሽን አሳዪና በእጃቸው ይፈትሹሽ። በበሩ ስታልፊ አትቁሚበት፣ እለፊ።

እናት ከአዳማ፦ ሹራብ ሲነዝር ለልጄ ምን ላድርግ?

መላሽ፦ እህቴ፣ ከላይ ለደብረ ብርሃኗ እናት የጻፍኩትን አንብቢ። እባካችሁ፣ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ። መጀመሪያ ቆዳ፣ ከዚያ ዕቃ።

አባት፣ አዲስ አበባ፦ እኔ በበኩሌ ልጄን የፕላስቲክ ሸርተቴ፣ ትራምፖሊን፣ የፊኛ ድግስ፣ ሁሉንም ከልክዬዋለሁ። አንድ ፕሮሰሰር በስንት ልመና ነው የመጣው።

የምልክት ቋንቋ አስተማሪ፦ ልጁን አሰርከው እንዴ? አውልቅለትና ይጫወት።

አባት፣ አዲስ አበባ፦ ሲያወልቅ አይሰማም። ሌሎቹ ይገፉታል፣ ጠርቼ ላስቆመው አልችልም።

የምልክት ቋንቋ አስተማሪ፦ ታዲያ ምልክት አስተምረው። ሸርተቴው ጫፍ ላይ ቆሞ ያይሃል፣ «ቁም» ትለዋለህ፣ ይቆማል። ሲዋኝም፣ ሲተኛም፣ ባትሪ ሲያልቅም ልጁ ቋንቋ ያስፈልገዋል።

እናት ከመቀሌ፦ እኛ ከተሠራለት በኋላ ምልክት እንዳናስተምረው ተብለናል። መናገር ይተዋል አሉን።

የምልክት ቋንቋ አስተማሪ፦ ማን ነው ያለው? እኔ የማስተምራቸው ሁለቱንም የሚጠቀሙ ልጆች አሉ።

አባት፣ አዲስ አበባ፦ ለዚህ ነው ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥቼ ያስተከልኩት?

መላሽ፦ ቆይ፣ ቆይ። ይሄ ሌላ ምሽት የሚወስድ ጉዳይ ነው። የኔን ልበልና ወደ ሸርተቴው እንመለስ። ፕሮሰሰር የሚወልቅ ነገር ነው። የሚወልቅ ነገር ያለው ልጅ በወለቀበት ሰዓትም የሚግባባበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። በምልክት ቋንቋ ይሁን በቤታችሁ ምልክት፣ ይኑረው። ስታቲክን በመፍራት ጨዋታ መከልከል ግን አይታየኝም።

ሸርተቴው ላይ፦ ፕላስቲክ ሸርተቴ ከሁሉም የከፋው ነው፣ በተለይ ሰው ሠራሽ ቱታ ለለበሰ ልጅ። ፀጉሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ታያላችሁ። ከመውጣቱ በፊት ፕሮሰሰሩን ከነኮይሉ አውልቁ፣ መያዣው ውስጥ አስገቡ። ሲጨርስ የብረት ምሰሶ ይንካ ወይም መሬት ላይ በእግሩ ትንሽ ይሩጥ። ከዚያ እጁን ያዙት፣ ከዚያ ዕቃውን አድርጉለት። የብረት ሸርተቴ ካለ እሱን ምረጡ። ፊኛ ጭንቅላት ላይ ማሸት ለኛ ልጆች የተከለከለ ነው፣ ለሚጋብዟችሁ ሁሉ ንገሩ።

እህት ከሪያድ፦ ዓባያዬ ፖሊስተር ነው፣ ቤቱ ምንጣፍ፣ ኤሲው ቀንና ሌሊት ይሠራል። በር በነካሁ ቁጥር ይነዝረኛል። ማግኔቱም በሻርፑ እየተያዘ ይወድቃል።

መላሽ፦ ሪያድ አየሩ ደረቅ ነው፣ ኤሲው ደግሞ የቀረውን እርጥበት ይወስደዋል። ከሻርፑ ሥር የጥጥ መሸፈኛ አድርጊ። ነጠላ ካለሽ ከሱ የተሻለ የለም፣ ጥጥ ነው። በር ልትከፍቺ ስትይ በእጅሽ ቁልፍ ወይም ሳንቲም ይዘሽ ብረቱን በሱ ንኪ፤ ብልጭታው ብረት ለብረት ያልፋል፣ ጣትሽን አያምሽም። ከመኪና ስትወርጂ ገና ወንበሩ ላይ እያለሽ የበሩን ብረት ያዢ፣ እስክትቆሚ አትልቀቂው። ማግኔቱን ሻርፕ ከያዘው መያዣ ክር ከልብስሽ ጋር እሰሪበት።

አባት ከዴንቨር፦ እኛ ጋ የበረዶው ወቅት ከሪያድ አይሻልም፣ ማሞቂያው ቤቱን ያደርቀዋል። አየር ማርጠቢያ ገዝተናል። ሌላው፣ ልጄ አሥረኛ ክፍል ናት። የፊዚክስ መምህሯ ፀጉር የሚያስቆመውን የቫን ደ ግራፍ ማሽን በሚቀጥለው ሳምንት ሊያሳዩ ነው። ፕሮሰሰሩን ብታወልቅ መንካት ትችላለች?

መላሽ፦ አትንካው። ብታወልቅም አትንካው። ውስጡ ያለው አይወልቅም። ራቅ ብላ ትመልከት፣ ማሽኑን የነካ ጓደኛዋም ወዲያው አይንካት። ለመምህሯ ዛሬውኑ በጽሑፍ አሳውቅ፣ ልጅቷ ክፍል ውስጥ ተነስታ እንድታስረዳ አትተዋት። አየር ማርጠቢያውን ከ40 እስከ 50 በመቶ ላይ አቆየው። ከዚያ ካለፈ ግድግዳው ይሻግታል።

እናት ከጎንደር፦ ጥምቀት እየመጣ ነው። ጸበል ሲረጭ ምን እናድርግ?

መላሽ፦ አውልቂ፣ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ያዢ። ይሄ የስታቲክ ጥያቄ አይደለም።

ወንድም፦ ጸበል የነካው ነገር አይበላሽም። እምነት ማነስ ነው።

እናት ከጎንደር፦ የኔን እምነት ማን ለካው?

መላሽ፦ እዚህ ቤት የማንም እምነት አይለካም። ዕቃው ኤሌክትሮኒክስ ነው፣ ይወልቅ። ቀጥሉ። ፀጉር ላይ ቅቤ የምትቀቡም ኮይሉንና ማይክሮፎኑን በየቀኑ ጥረጉ፣ ይደፈናል።

ወጣት ከሐዋሳ፦ ሕንድ ነው የተሠራልኝ። ማፑ ቢጠፋ እዚህ ማን ይጭንልኛል? ዋጋውስ?

መላሽ፦ የዋጋ ጥያቄ ዛሬ አልመልስም። የማፑን ግን ሁላችሁም ስሙኝ፣ ከሹራቡም ከሸርተቴውም ይሄ ይበልጣል። ውጭ አገር የተሠራላችሁ በሙሉ የማፓችሁን ፋይል የሠራላችሁ ክሊኒክ እንዲልክላችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ። የወረቀት ኅትመት አይበቃም፣ ፋይሉ ነው የሚጫነው። ሁለት ቦታ አስቀምጡት። የዕቃውን ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር አብራችሁ ጻፉ፣ የአንዱ ኩባንያ ሶፍትዌር የሌላውን አይከፍትም። ትርፍ ፕሮሰሰር ካላችሁ የቅርቡ ማፕ እሱም ላይ ይጫን። በርቀት ማስተካከልም አለ፤ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2017 ለአንድ ኩባንያ ዕቃ ፈቅዶታል። ለናንተ ዕቃ ይቻል እንደሆነ ክሊኒካችሁን ጠይቁ።

ማፑ የጠፋ ልጅ ፋይሉ ካለ በአንድ ቀጠሮ ይመለሳል። ፋይሉ ከሌለ ልኬቱ ከዜሮ ይጀመራል፣ ልጁም እስኪለምደው ይንገላታል።

እናት ከደብረ ብርሃን፦ አንድ ብቻ ልጨምር። በሚቀጥለው ወር ቶንሲሏን ልታስወጣ ነው። ኮረንቲ ይጠቀማሉ ይባላል።

መላሽ፦ ጥሩ ጠየቅሽ፣ ይሄ ከሹራብ ጋር አይወዳደርም። ሞኖፖላር የሚባለው በኮረንቲ ደም የሚያቆሙበት መሣሪያ ኢምፕላንት ባለበት ሰው ራስና አንገት ላይ አይፈቀድም፣ ውስጠኛውን ሊያበላሸው ይችላል። ካርዷን ይዘሽ ከቀዶ ሐኪሙም ከሰመመን ሰጪውም ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪ፣ በፋይሏ ሽፋን ላይ ይጻፍ። ኤምአርአይም ቢያዙላት ካርዱን ሳታሳዪ አትግቢ፣ ውስጧ ማግኔት አለ። በቀኑም ደግመሽ ንገሪያቸው። ተረኛው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።