የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጦማሬን የት ልክፈተው?

በዚህ ወር ከጎጃም ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱ ስለ ጦማር አጀማመር ስለሆኑ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ከሊቃውንት የሰበሰብኋቸውን ቅኔዎች ከነሰምና ወርቃቸው ጽፌ አስቀምጫለሁ። ፌስቡክ ላይ ስለጥፋቸው በሳምንቱ እኔ ራሴ ፈልጌ አላገኛቸውም። ብሎገር ይሻለኛል ወይስ ወርድፕረስ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ለእርስዎ ብሎገር ይሻላል። ፌስቡክ ለዕለት ወሬ እንጂ ለሚቆይ ጽሑፍ አይሆንም፤ ረጅም ጽሑፍ የሚቀመጥበትን «ኖትስ» የተባለ ክፍሉን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2020 ዘግቶታል። ብሎገር የጉግል የጦማር መክፈቻ ነው፤ ክፍያ የለውም፣ ጂሜይል ካለዎት ዛሬውኑ ይከፍቱታል። የራስዎን አድራሻ ሲገዙም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያገናኝልዎታል። በነጻ የሚሰጠው ወርድፕረስ ዶት ኮም ግን 1 ጊጋባይት ቦታ ብቻ ይሰጣል፣ በጽሑፍዎ መካከል የራሱን ማስታወቂያ ያስገባል፣ የራስዎን አድራሻ ለማገናኘትም ያስከፍላል።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ከመጀመሪያው ጽሑፍ በፊት ማወቅ ያለበት የሊንኩን ነገር ነው። ርዕሱ በሙሉ በፊደላችን ሲሆን ብሎገር ለአድራሻ አይጠቀምበትም፤ ጽሑፉን ሁሉ «ብሎግ ፖስት» እያለ በቁጥር ብቻ ይለየዋል። ወርድፕረስ ፊደላችንን ይቀበላል፤ ነገር ግን ሊንኩ ተገልብጦ ሲላክ እያንዳንዱ ፊደል 9 ምልክት ወዳለው የፐርሰንት፣ የቁጥርና የላቲን ድርድር ይለወጣል። ለዚህ የአድራሻ ክፍል የተመደበው ቦታ 200 ምልክት ስለሆነ ረጅም ርዕስ 22ኛው ፊደል አካባቢ ይቆረጣል። ለሁለቱም መፍትሔው አንድ ነው። «ፐብሊሽ» ከመጫንዎ በፊት የአድራሻውን ማስተካከያ ይክፈቱ፤ ብሎገር ላይ «ፐርማሊንክ» ከዚያም «ከስተም ፐርማሊንክ» ይባላል። ሦስት ወይም አራት ቃል በላቲን ፊደል፣ በጭረት እያያያዙ ይጻፉበት። ብሎገር ላይ ከታተመ በኋላ ከለወጡት ቀድሞ ለሰው የላኩት ሊንክ ሁሉ ይሞታል።

ሁለተኛው ጉዳይ የቅኔው ቤት (ስንኝ) አሰፋፈር ነው። ሚበዝኁ የተባለው የቅኔ ዓይነት ሦስት ቤት ሆኖ ሳለ «ኢንተር» እየተጫኑ ከጻፉት ሦስት የተራራቁ አንቀጾች ይመስላል። ቤቱ ሲያልቅ «ሺፍት» እና «ኢንተር» አንድ ላይ ይጫኑ፤ መስመሩ ይወርዳል፣ አንቀጹ አይለያይም። የሚለጥፉት ከማይክሮሶፍት ወርድ ከሆነ መጀመሪያ ቅርጽ በማይዝ ማስታወሻ ላይ ገልብጠው ከዚያ ያምጡት፤ አለዚያ የወርድ የተደበቀ ኮድ አብሮ ይገባና የፊደሉ መጠን ከገጽ ገጽ ይለያያል።

ለእያንዳንዱ ጽሑፍ «ሌብል» (የምድብ ስም) ይስጡ፦ ጉባኤ ቃና፣ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ። ልብ ይበሉ፤ «ሚበዝኁ» እና «ሚበዝሁ» ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። አንባቢ አንዱን ሲነካ በሌላው የጻፉት አይወጣለትም። የሌብሎቹን አጻጻፍ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይወስኑና ከዚያ አይውጡ።

በየወሩ መጨረሻ ከ«ሴቲንግስ» ውስጥ «ባካፕ ኮንቴንት»ን ተጭነው ፋይሉን ያውርዱ። ፋይሉ ጽሑፉን እንጂ ፎቶዎቹን አይዝም፤ የብራና ፎቶ ካለዎት ዋናውን ለብቻው በፍላሽ ያኑሩ። ጉግል 2 ዓመት ያልተከፈተን አካውንት ሊሰርዝ ስለሚችል ባይጽፉም እንኳ አልፎ አልፎ ይግቡበት። ሊቃውንቱ በቃል ያኖሩትን በአንድ የይለፍ ቃል መጥፋት ማጣት በጣም ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ ስለ በርበሬ አዘገጃጀትና ስለ ባህላዊ ምግብ በቴሌግራም ቻናል እጽፋለሁ። ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ጦማር ያስፈልገኛል? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ቻናልሽን አትዝጊው፤ አንባቢዎችሽ እዚያ ናቸው። ግን ዋናው ጽሑፍ ሌላ ቦታ ይኑር። ቴሌግራም በአንድ መልእክት 4,096 ምልክት፣ ማለትም 700 የአማርኛ ቃል ገደማ ብቻ ይቀበላል። ከፎቶ ሥር ሲሆን ደግሞ 1,024 ምልክት ነው፤ የበርበሬው መጠንና የቅመሙ ዝርዝር ሳያልቅ ይሞላል። ከዚያም በላይ «የበርበሬ አዘገጃጀት» ብላ ጉግል ላይ የምትፈልግ ሴት ቻናልሽን የማግኘት ዕድሏ አነስተኛ ነው።

ስለዚህ ሙሉውን በብሎገር ጻፊው፤ ከስልክም ይሠራል። ቻናሉ ላይ አንድ ፎቶ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገርና ሊንኩን አድርጊ። ጽሑፉን ግን በቀጥታ ብሎገር ላይ አትጻፊ፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ ያልተቀመጠው ይጠፋል። በስልክሽ ማስታወሻ ላይ ጨርሰሽ ገልብጪው። ከስልክ ካሜራ የሚወጣ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከ3 ሜጋባይት በላይ ነው፤ ወርዱን ወደ 1,200 ፒክስል አሳንሰሽ ከ200 ኪሎባይት በታች አድርጊው። አለዚያ በሞባይል ዳታ የምታነብ ሰው ገጹ ሳይከፈትላት ትወጣለች።

ቻናሉ ከስልክ ቁጥርሽ ጋር የታሰረ መሆኑንም አትርሺ። ሲምሽ ቢጠፋና ብትዘገዪ ቻናሉ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ተጨማሪ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» አብሪ፤ የምታምኚውን የቤተሰብ ሰውም በሁለተኛ አስተዳዳሪነት ጨምሪ።

ጥያቄ፦ ሦስት ጓደኛሞች ስለ ንብ ማነብ የሚያስተምር ገጽ በራሳችን ስም መክፈት እንፈልጋለን። ዶላር የሚከፍል ካርድ ግን የለንም። ወርድፕረስ ያዋጣናል? (ከዳንግላ)

መልስ፦ ወርድፕረስ ሲባል ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከላይ ያነሣነው ወርድፕረስ ዶት ኮም ነው። ሁለተኛው ከወርድፕረስ ዶት ኦርግ በነጻ የሚወርደው ሶፍትዌር ነው፤ ሶፍትዌሩ ነጻ ቢሆንም የሚቀመጥበት ሆስቲንግና የሚጠራበት ዶሜይን በየዓመቱ ይከፈልበታል። የውጭ ዶት ኮም ዶሜይን በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር ገደማ ነው። ሆስቲንጉ ከዚያ ይበልጣል፤ የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ብዙ ጊዜ ማባበያ ስለሆነ በሁለተኛው እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። የማደሻውን ዋጋ ሳታዩ አትክፈሉ። በብር መክፈል ከፈለጋችሁ በዶት ኢቲ የሚያልቀውን ዶሜይን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ሆስቲንግም ይሸጣል።

የምንመክራችሁ ግን ዶሜይኑን ብቻ ገዝታችሁ ለጊዜው ከብሎገር ጋር እንድታገናኙት ነው። ሆስቲንግ ሳይከፈል ሲቀር ገጹ ሁሉ ይጨልማል፤ ብሎገር ላይ ግን ዶሜይኑ ቢቋረጥ እንኳ ጽሑፉ በቦታው አለ። ከዚህ ሌላ በራስ ሆስቲንግ የተተከለ ወርድፕረስ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ተቀጥላዎቹ (ፕለጊኖቹ) በየጊዜው ካልታደሱ ሰርጎ ገቦች የሚገቡት በእነሱ በኩል ነው። ከሦስታችሁ ይህን በየሳምንቱ የሚያይ ሰው አለ? ከሌለ ጊዜው ገና ነው።

በኋላ አቅሙ ሲመጣ መዛወር ይቻላል። ወርድፕረስ የብሎገርን ፋይል የሚያስገባበት «ብሎገር ኢምፖርተር» አለው። ብሎገር አድራሻውን በዓመት፣ በወር፣ በስም ሠርቶ መጨረሻው ላይ «ኤችቲኤምኤል» ይጨምራል፤ ወርድፕረስ ላይም በ«ፐርማሊንክስ» ገጽ ይህንኑ ቅርጽ አስገቡለት። ዶሜይኑ ያው ስለሆነ የድሮ ሊንኮች ይሠራሉ። ስማችሁን ሳትገዙ ከጀመራችሁ ግን አድራሻው የብሎገር ስለሆነ ይህ አይሆንላችሁም።

ዶሜይኑን ሌላ ሰው ከገዛላችሁ፣ ባለቤት ተብሎ የተመዘገበው ስምና ኢሜይል የእናንተ መሆኑን ገንዘቡን ሳትሰጡ አረጋግጡ። በእሱ ስም ከተመዘገበ ገጹ የእሱ ነው።

ጥያቄ፦ በኮምፒውተር የጻፍሁትን ጦማሬ ላይ ስለጥፈው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይወጣል። መድረኩን ልቀይር? (ከሞጣ)

መልስ፦ መድረኩ አላጠፋም፤ ሌላውም ያንኑ ያሳይዎታል። የጻፉት በቀድሞዎቹ የግእዝ ፎንቶች ነው። እነሱ የላቲኑን ፊደል በእኛ ፊደል መልክ ያሳያሉ እንጂ ውስጡ ላቲን ነው፤ ፎንቱ በሌለበት ቦታ ሁሉ እውነተኛው መልኩ ይወጣል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። አዲሱን በዩኒኮድ ኪቦርድ ይጻፉ፤ የስልክ የአማርኛ ኪቦርዶች ይህንኑ ነው የሚጽፉት። ያለቀውን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ መቀየሪያ ያሳልፉት፤ ከዚያ ቁጥሮቹን፣ አራት ነጥቡንና እንደ «ኳ»፣ «ሏ»፣ «ቷ» ያሉትን አንድ በአንድ ያጣሩ፤ መቀየሪያዎች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት እነዚህ ላይ ነው።