ቀይ ነጥብ ለሽጉጥና ለጠመንጃ፦ አሥር አለቃን ጠይቁ

አሥር አለቃ፦ እንደምን አመሻችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተኩስ ሜዳ ላይ ከምትጠይቁኝ ግማሹ ስለ ቀይ ነጥብ፣ መስታወቱ ላይ ቀይ ነጥብ ስለሚያሳየው ማነጣጠሪያ ማለቴ ነው፣ ስለሆነ ዛሬ ተቀምጬ ልመልስ። ቨርጂኒያ ውስጥ የተኩስ መስመር ደኅንነት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ሻጭ አይደለሁም፣ ከማንም ኮሚሽን አልበላም። ሁለት አደራ አለኝ። አንደኛ፣ የመሣሪያችሁን ሞዴል ሙሉውን ጻፉ። ሁለተኛ፣ ማነጣጠሪያ ለመግጠምም ለመፍታትም ስትነሡ ካዝናውን አውጡ፣ ስላይዱን (የሽጉጡን ላይኛውን ተንሸራታች ብረት) ሳቡ፣ ውስጡ ጥይት አለመቅረቱን በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ።

ቡቺ፦ ጋሼ፣ ምርጡ ቀይ ነጥብ የቱ ነው?

አሥር አለቃ፦ ለምኑ? ሞዴል ብያለሁ።

ሰላም ማርኬት፦ እንደምን አሉ አሥር አለቃ። ያለኝ ግሎክ 43ኤክስ ኤምኦኤስ ነው፣ ስላይዱ ላይ የማነጣጠሪያ ቦታ የተፈለፈለለት። ሱቅ ዘግቼ የምወጣው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ሆሎሰን 507ኬ የሚባለውን ቀይ ነጥብ ልገዛ አስቤ ሻጩን ብጠይቀው «ቀጥታ ይገባል» አለኝ። እውነቱን ነው?

አሥር አለቃ፦ እሰይ፣ ጥያቄ እንዲህ ነው! አይገባም እህቴ። ሰው ስለ መስታወቱ ሲጨነቅ መስታወቱ የተቀመጠበትን አያይም። ስላይድ ላይ የተፈለፈለው መቀመጫ እንደየፋብሪካው ይለያያል። የትሪጂኮን አርኤምአር አንድ ዓይነት ነው፣ የሊዮፖልድ ዴልታፖይንት ፕሮ ሌላ ነው፣ ለቀጫጭን ሽጉጦች የሺልድ አርኤምኤስሲ አለ፣ የኤይምፖይንት አክሮ ደግሞ ከላይ በብሎን አይታሰርም፣ ከጎንና ከጎን ነክሶ ነው የሚይዘው። 507ኬ ከሺልዱ ጋር መንትያ ይመስላል፣ ነገር ግን ከሥሩ ብትገለብጪው የኋላ ጉጦችን የሚቀበል ቀዳዳ የለውም። ያንቺ 43ኤክስ እነዚያ ሁለት ጉጦች አሉት። እንግዲህ ወይ ጉጦቹ በሞረድ ይወርዳሉ፣ ወይ ቀጭን ማስማሚያ ሳህን ከመሐል ይገባል፣ ወይ የሺልድን መቀመጫ ሙሉ በሙሉ የሚከተል ሌላ ትገዣለሽ። የተሞረደ ጉጥ አይመለስም። እኔ ብሆን ሳልሞርድ የሚገባውን እገዛ ነበር።

ከዚያ ብሎኑ። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ከጎኔ ሲተኩስ ሁለተኛው ካዝና ላይ መስታወቱ ተነቅሎ በጆሮዬ ሥር አለፈ። አንሥቼ ሳየው ብሎኖቹ ሁለት ጥርስ ብቻ ነው የነከሱት፤ የገጠመለት ሰው ከሌላ ሳጥን ያገኘውን አጭር ብሎን ነው ያሰረበት። ረዥምም መዘዝ አለው። ግሎክ ላይ የቀኙ ብሎን ከረዘመ ከሥሩ ያለውን የቀለሃ ማውጫውን ዘንግ ይጫነዋል፣ ሽጉጡ ቀለሃ መትፋት ያቅተዋል፣ አንቺም ጥይቱን ትረግሚያለሽ። ስለዚህ ከሳህኑ ጋር የመጣውን ብሎን ብቻ ተጠቀሚ። ጥርሱን በአልኮል ጥረጊ፣ ሰማያዊ ሎክታይት (የብሎን ሙጫ) ጠብ አድርጊ፣ መመሪያው ባለው ልክ በቶርክ ካቻቪቴ፣ የማሰሪያውን ኃይል በሚለካው፣ እሰሪ። ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ኢንች-ፓውንድ ነው። በእጅ ግምት የለም! ሲያልቅ ከብሎኑ ራስ እስከ አካሉ በጥፍር ቀለም አንድ መስመር ሳቢበት። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው።

ሚኒሶታ ብርዱ፦ «መቀመጫ» ሲሉ እኔ ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ 😂 ፈረንጆቹ የእግር ዱካ ነው የሚሉት፤ «አሻራ» ብንለውስ?

አሥር አለቃ፦ አሻራ የሚነሣው ፖሊስ ጣቢያ ነው። መቀመጫ።

ሰላም ማርኬት፦ እኔ ገብቶኛል፣ መቀመጫ ይሁን። እግዜር ይስጥልኝ።

አባ ምንሽር፦ እናንተ ልጆች፣ ያባቴ ምንሽር ምን ነጥብ ነበራት? ሚዳቋ ከማዶ ተረተር ላይ ይጥል ነበር። ባትሪ የሌለው ዓይን ነው ዓይን ማለት።

ታክሲ ሜሪላንድ፦ አባባ፣ ሚዳቋዋ በየዓመቱ እየራቀች ነው የምትሄደው፣ ባለፈው ከጅረቱ ማዶ ነበረች።

አሥር አለቃ፦ አትቀልድ፣ ትልቅ ሰው ናቸው። አባባ፣ አባትዎ ያኔ ስንት ዓመታቸው ነበር? በብረት ማነጣጠሪያ ዓይን ሦስት ቦታ ይሠራል፦ የኋላው ስንጥቅ፣ የፊቱ ጫፍ፣ ኢላማው። ከ40 ዓመት በኋላ ቅርቡ ይደበዝዛል፣ የፊቱ ጫፍ ጢስ ይሆናል። ቀይ ነጥብ ላይ የሚያዩት ኢላማውን ብቻ ነው። ከውስጥ አንዲት ትንሽ መብራት የተጠማዘዘ መስታወት ላይ ታበራለች፣ መስታወቱ ቀዩን ብቻ መርጦ ወደ ዓይንዎ ይመልሰዋል፣ ጨረሩ ትይዩ ሆኖ ስለሚመጣ ነጥቧ ኢላማው ዘንድ ያለች ይመስልዎታል። ለሽማግሌ ዓይን ከዚህ የተሻለ አልተሠራም። እኔም 58 ደፍኛለሁ።

አባ ምንሽር፦ እሱስ እውነት ነው፣ ጋዜጣም ማንበብ ትቻለሁ። ግን ምንሽሯን አልሸጣትም።

አሥር አለቃ፦ ማን ሽጡ አለዎት?

ኬቢ፦ እኔ ሳየው ነጥብ አይደለም፣ የተፈናጠረ በርበሬ ነው የሚመስለው። መልሼ ልቀይረው?

አሥር አለቃ፦ ሳትመልሰው ባዶ በሆነ መሣሪያ ላይ ስልክህን ከኋላው ጠግተህ ፎቶ አንሣ። ፎቶው ላይ ክብ ከሆነች ዕቃው ደኅና ነው፤ የታመመው ዓይንህ ነው፣ አስቲግማቲዝም ይባላል። መነጽር ካለህ አድርገው፣ ብርሃኑንም ቀንስ። አብዛኛው ሰው ነጥቧን እንደ ትራፊክ መብራት ያበራታል። ለጠመንጃ ከሆነ መስታወቱ ላይ የተቀረጸ ምልክት ያለው የፕሪዝም ማነጣጠሪያ አለ፣ እሱ አይበተንብህም። ለሽጉጥ ግን አይሆንም፣ ዓይንህን መስታወቱ ሥር ማስጠጋት ይፈልጋል።

ታክሲ ሜሪላንድ፦ አሥር አለቃ፣ ሽጉጤን መኪና ውስጥ ይዤ ከሜሪላንድ ዲሲ ባልፍስ?

አሥር አለቃ፦ ጠበቃ ጠይቅ። እዚህ አይጠየቅም። በሁለቱ ቦታ ሕጉ ይለያያል።

ሚኒሶታ ብርዱ፦ የነጥቧ መጠን 2 ኤምኦኤ ይሻላል ወይስ 6? ደግሞስ ክፍቱ ወይስ ዝጉ? እኛ ጋ በረዶ አለ።

አሥር አለቃ፦ 1 ኤምኦኤ በ100 ሜትር 2.9 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል። በ25 ሜትር 2 ኤምኦኤ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ 6 ኤምኦኤ ከ4 ትንሽ ያልፋል። ሽጉጥ ላይ ተለቅ ያለው ቶሎ ይገኛል፣ ጠመንጃ ላይ 2 ይበቃል። በረዶ ካለ ዝጉን ግዛ። ክፍቱ ላይ መብራቷ ሜዳ ላይ ናት፤ አንዲት የውኃ ጠብታ ወይም ክር ካረፈችባት ነጥቧ ትጠፋለች ወይ ሁለት ትሆናለች። ክረምቱን ጋቢ ደርቦ የሚታጠቅ ሰው አውቃለሁ፣ ቤቱ በሄድኩ ቁጥር ከመስታወቱ ሥር ጥጥ እለቅምለታለሁ። አክሮ ፒ-2፣ ሆሎሰን ኢፒኤስ፣ ትሪጂኮን አርሲአር ዝግ ናቸው።

ቡቺ፦ ስለዚህ ምርጡ አክሮ ነው?

አሥር አለቃ፦ እንደዚያ ወጣኝ?

ኬቢ፦ እንደ ሆሎሰን ያለ የቻይና ዕቃ ለሕይወቴ አላምንም። ኤይምፖይንት በቃ።

ሰላም ማርኬት፦ የጻፍክበት ስልክ የት ተሠራ?

ኬቢ፦ ስልክ ቢጠፋ አልሞትም።

ሚኒሶታ ብርዱ፦ በአንድ ኤይምፖይንት ቲ-2 ዋጋ ሁለት ሆሎሰን 507ሲ ገዝቼ ጥይትም ይተርፈኛል።

ኬቢ፦ ሁለት የማታምነው ዕቃ አንድ የምታምነው አይሆንም።

ታክሲ ሜሪላንድ፦ ይኼ ነገር የኮሮላና የመርሴዲስ ጭቅጭቅ ሆነ።

አሥር አለቃ፦ በቃ። ኤይምፖይንት ስዊድን፣ ማልሞ ነው፤ የመጀመሪያውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቀይ ነጥብ በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጣው እሱ ነው፤ የአሜሪካ ጦርም ኤም68 ብሎ የታጠቀው የእሱን ነው። ሆሎሰን ቻይና ይመረታል። ሁለቱም አሉኝ፣ ሁለቱም ሠርተውልኛል። እኔ ያየኋቸው ብልሽቶች አብዛኞቹ የብሎን ናቸው፤ ከብሎን የተረፈው ባትሪ ነው። ቲ-2 በአንድ ሲአር2032 ባትሪ 50,000 ሰዓት ይሄዳል ይላሉ፣ ከአምስት ዓመት በላይ ማለት ነው። እናንተ ግን በየእንቁጣጣሹ ቀይሩ፣ ቀኑን አትረሱትም። አርኤምአር ያላችሁ ባትሪው ከሥር ነው፤ ለመቀየር ሙሉውን መፍታት አለ፣ ከፈታችሁ ደግሞ መልሳችሁ ኢላማ ላይ ፈትኑ። ካዝና አውጥታችሁ፣ ውስጡን አይታችሁ። ስንት ጊዜ ልበል?

ኮሎራዶ ተራራው፦ ጋሼ፣ ኤአር-15 ላይ ሲግ ሮሚዮ5 ገጥሜ በ50 ያርድ አስተካክዬው ነበር። ትናንት በ10 ሜትር ስተኩስ ሁሉም ዝቅ ብሎ መታ። ተንሸራቶ ይሆን?

አሥር አለቃ፦ አልተንሸራተተም፣ የኔ ልጅ። ነጥቧ ከአፈሙዙ ቀዳዳ በላይ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። አረሩ ከሥር ተነሥቶ ወደ እይታህ መስመር እየወጣ ይሄዳል፣ የሚገናኙት 50 ያርድ ላይ ነው። በ10 ሜትር ገና 5 ሴንቲ ሜትር ይቀረዋል። ከ50 በኋላ ጥቂት ከፍ ይልና 200 ያርድ አካባቢ መልሶ መስመሩን ይቆርጣል፤ ሰው 50ን የሚወደው ለዚህ ነው። አንተ መያዝ ያለብህ በቅርብ ርቀት ከፍ አድርጎ ማነጣጠርን ነው። ሌላ ነገር፣ ስታስተካክል በአንድ ጥይት አትፍረድ። ከአሸዋ ከረጢት ላይ አምስት ተኩስ፣ መሐላቸውን ለካ፣ ያኔ የነጥቧን ማስተካከያ አዙር። አንድ ተኩሶ አንድ ጠቅ የሚያደርግ ሰው ማታም እዚያው ነው።

አንበሳው፦ ክላሽ ላይስ?

አሥር አለቃ፦ በጎኑ ሐዲድ ካለው እዚያ። ከጋዙ ቱቦ በላይ ርካሽ ዕቃ አትግጠም፣ ሙቀቱ ይጨርሰዋል።

አንበሳው፦ አንድ ሰው በሻንጣ አድርጎ ጎንደር ላለው ወንድሜ ቢያደርስልኝስ?

አሥር አለቃ፦ አይሆንም! ማነጣጠሪያ ተራ ዕቃ አይደለም። በአሜሪካ የንግድ ሚኒስቴር የወጪ ዕቃ ዝርዝር ውስጥ ቀይ ነጥብ በ0ኤ504 ቁጥር ስሙ ተጠርቶ ተጽፏል፣ ያለ ፈቃድ ወደ ኢትዮጵያ አይወጣም። እዚያ ስትደርስ ደግሞ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይጠብቅሃል። ዕቃውን የተሸከመልህ ሰው ነው የሚታሰረው። ይህን ጥያቄ ደግመህ እንዳታነሣ።

ሰላም ማርኬት፦ አንድ የመጨረሻ። የጓደኛዬን ሞክሬ ሽጉጡን ሳነሣ ነጥቧ ትጠፋብኛለች፣ ስፈልጋት ጊዜው ይሄዳል።

አሥር አለቃ፦ ሁሉም ይጠፋበታል። አፈሙዙን ቀና አድርገሽ ስለምታወጪ ነጥቧ በላይኛው ጠርዝ አልፋ ሄዳለች። ነጥቧን አትፈልጊያት፣ የምትመቺውን ቦታ ትክ ብለሽ እያየሽ ሽጉጡን ወደ ዓይንሽ አምጪው። ቤት ውስጥ ተለማመጂ፤ ሽጉጡ ባዶ፣ ጥይቱ ከክፍሉ ውጪ፣ ሌላ ክፍል! ከዚያ የመስታወቱን ፊት በፕላስተር ሸፍኚው። ሁለት ዓይንሽን ከከፈትሽ አንዱ ነጥቧን፣ ሌላው ግድግዳውን ያያል፣ አእምሮሽ ደራርቦ ያሳይሻል። ነጥቧን ትክ ብለሽ ማየት ከጀመርሽ ወይ ግድግዳው ከጠፋሽ ዓይንሽ ነጥቧ ላይ ወድቋል ማለት ነው። በቀን አሥር ደቂቃ፣ ሁለት ሳምንት።

ቡቺ፦ ጋሼ፣ ሁሉንም አነበብኩ። እና በመጨረሻ የቱን ልግዛ?

አሥር አለቃ፦ ቡቺ! ለሦስተኛ ጊዜ ነው። ሽጉጥህ ምንድን ነው? ምን ተጽፎበታል?

ቡቺ፦ ሽጉጥማ ገና አልገዛሁም። ነጥቡን ቀድሜ ልምረጥ ብዬ ነው።

ታክሲ ሜሪላንድ፦ 😂😂

አሥር አለቃ፦ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ና። የኔን ሦስቱን ትተኩሳለህ። የጆሮ መከላከያ ይዘህ ና፣ እኔ የማውሰው የለኝም።