ወተቱ ይጠራል፣ በሽታው ግን ይመለሳል

ጥያቄ፦ አራት ጊዜ የወለደች ላም አለችኝ። የኋላ ቀኝ ጡቷ ሲታለብ ጓል ይወጣዋል። በጡቷ የሚገባ ፔኒሲሊን ሦስት ዙር ተሰጣት። ወተቱ ይጠራና ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጓሉ ይመለሳል። ጠንከር ያለ መድኃኒት ልግዛ?

መልስ፦ ገና አይግዙ። እየጠራ የሚመለስ የግት በሽታ ብዙ ጊዜ የስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ጠባይ ነው። ይህ ባክቴሪያ ከመድኃኒት የሚያመልጥበት መንገድ ሁለት ስለሆነ፣ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ መድኃኒት መለዋወጥ ኪሳራ ነው።

አንደኛው መላመድ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች ፔኒሲሊንን የሚሰብር ቤታ ላክታሜዝ የተባለ ኢንዛይም ያመርታሉ። የባሱት ሜክ ኤ ወይም ሜክ ሲ የተባለ ዘረ መል ይዘው፣ እነ ፔኒሲሊን የማይዙትን የተለየ ፕሮቲን ይሠራሉ፤ ለእነዚህ ቤታ ላክታሜዝን የሚቋቋመው የፔኒሲሊን ዘመድ ክሎክሳሲሊንም አይረዳም። ሜክ ሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ሲሆን መጀመሪያ የተገኘው ከላም ወተት ነበር።

ሁለተኛው መደበቅ ነው፤ ለአርቢው ብዙም የማይነገረው ይሄኛው ነው። ባክቴሪያው የግቱን የውስጥ ሽፋን ሕዋሳት ሰርስሮ ይገባል፤ የዋጠው ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ እንኳ በሕይወት ይቆያል፤ ተጣብቆ በልጋግ መሰል ሽፋን ይጀቦናል። ሰውነቷም ዙሪያውን በጠባሳ ያጥረዋል፤ መድኃኒት ያንን አጥር አልፎ በበቂ መጠን አይደርስም። አልበው ሲጨርሱ ባዶውን ግት በመዳፍዎ ይዳስሱት፦ ውስጡ ጠጠር የመሰለ እብጠት ካለ ወይም ከሌሎቹ ይልቅ የደደረ ከሆነ አጥሩ ተሠርቷል ማለት ነው። ላቦራቶሪ «ይህ መድኃኒት ይሠራል» ያለው በሳህን ላይ ነውና በግቱ ውስጥ ላይሠራ ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ናሙና ያስመርምሩ። የጡቱን ጫፍ በ70 በመቶ አልኮል በተነከረ ጥጥ፣ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይጥረጉ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት እልባቶች ይድፉ፤ ከዚያ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር በንጹሕ የላቦራቶሪ ብልቃጥ፣ ብልቃጡን አጋድመው ይቀበሉ። ቀጥ ካለ ከግቱ የሚረግፍ አቧራና ፀጉር ይገባበታል። በበረዶ ይዘው በ24 ሰዓት ውስጥ ያድርሱ። ባክቴሪያው በየቀኑ በወተት አይወጣምና አንድ ጊዜ «የለም» ከተባለ ከሳምንት በኋላ ይድገሙ። ሌሎቹን ሦስት ጡቶች ደግሞ የካሊፎርኒያ መመርመሪያ በሚባለው፣ ወተት ላይ በሚጨመር ፈሳሽ ይፈትሹ፦ ወተትና ፈሳሹን እኩል፣ 2 ሚሊ ሊትር ያህል ቀላቅለው ለ10 ሰከንድ ያዙሩት፤ የሚዝለገለግ ከሆነ ድብቅ በሽታ አለ።

ወጣት ላም፣ አንድ ጡት ብቻ፣ በቅርቡ የጀመረ ቢሆን ኖሮ በላቦራቶሪ በተመረጠ መድኃኒት ማከም ያዋጣ ነበር። የእርስዎ ላም ግን አራት ወልዳለች፣ ሦስት ጊዜ ታክማ አልዳነችም፤ ግቱም ከደደረ እየታለበች ሳለ ማከሙን እኔ አልመክርም። ከሐኪሟ ጋር ተነጋግረው ስትነጥፍ በሚሰጥ መድኃኒት አንድ ዕድል ይስጧት፤ ከወለደች በኋላ ናሙናዋ አሁንም ባክቴሪያውን ካሳየ ከመንጋው ትውጣ።

ሲያክሙ አንዱን የመድኃኒት ቱቦ ለሁለት ጡት አያካፍሉ። ወተቱ ስለጠራ ብቻ ቀኑ ሳይሞላ አያቋርጡ፤ ጓል መጥፋቱ የእብጠቱ መቀነስ እንጂ የባክቴሪያው መሞት አይደለም። የቱቦውን ጫፍም እስከ መጨረሻው አይክተቱ፤ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃል፣ ከዚያ ካለፈ የጡቱን መከላከያ ሽፋን ይፍቃል።

እስከዚያ ትልቁ ሥራ ሌሎቹን ላሞች ማዳን ነው፤ ይህ በሽታ የሚተላለፈው በአላቢ እጅ፣ በጨርቅና በማለቢያ ማሽን ጎማ ነው። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ የወለዱትን፣ ቀጥሎ ሌሎቹን ጤነኞች፣ እሷን በመጨረሻ ይለቡ። ለእያንዳንዷ ላም የራሷ ጨርቅ ይኑር። እንደታለበች ጡቶቹን በ0.5 በመቶ አዮዲን ይንከሩ፤ የተረፈውን ወደ ዕቃው አይመልሱ። ቀዳዳው እስኪዘጋ ግማሽ ሰዓት እንዳትተኛ መኖ ያቅርቡላት።

ወተቷን ለጥጆች አይስጡ፤ መድኃኒት ያለበት ወተት በጥጃው አንጀት ውስጥ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችን ያበዛል። ለሰው ደግሞ መፍላቱ ብቻ አያስተማምንም፦ ሙቀት ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ወተቱ ሞቅ ባለ ቦታ ለሰዓታት ሲቆይ ያመረተው መርዝ ግን በመፍላት አይጠፋም።