ከአልጋዎ እስከ መጸዳጃ ቤት ካለችው መንገድ ይጀምሩ

እህቴ፣ ጥያቄዎን ትናንት ማታ አንብቤው ሳስበው አደርኩ። «68 ዓመት ሞልቶኛል፣ ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው፣ ቤቱ በዕቃ ታጭቋል፣ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይታዘዘኝም፣ ከየት ልጀምር?» ብለዋል። ልጆችዎ «እማዬ፣ አንድ ቅዳሜ መጥተን ሁሉንም እናውጣልሽ» እንደሚሉና ያንን ቅዳሜ ባሰቡት ቁጥር እንቅልፍ እንደሚነሳዎትም ጽፈዋል። «ቤቱን ልያዝ ስል ራሴን እረሳለሁ፣ ራሴን ልጠብቅ ስል ቤቱ ይጥለኛል» ያሉት ነገር ከልቤ ገባ። እኔ አሁን 74 ዓመቴ ነው፤ ብቻዬን መኖር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ያየሁትን እንደ እህት ልንገርዎት። ይረዝማል፣ ይታገሱኝ።

ከቁም ሳጥኑ አይጀምሩ። ከፎቶና ከደብዳቤ ደግሞ ጭራሽ አይጀምሩ፤ ሁለት ሰዓት አልቅሰው አንድም ዕቃ ሳያነሱ ይመሻል። የሚጀምሩት ከወለሉ ነው፤ ከወለሉም ሌሊት ከአልጋዎ ተነስተው መጸዳጃ ቤት እስኪደርሱ ከሚረግጧት ከዚያች መንገድ።

ይህን የተማርኩት ወድቄ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መጽሔት የሚያጠራቅም ሰው ነበር። ካረፈ በኋላ መጽሔቶቹን በካርቶን አድርጌ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን አስታክኬ ደረደርኳቸው፤ «በሚቀጥለው ሳምንት አያቸዋለሁ» ብዬ። ሳምንቱ ሁለት ዓመት ሆነ። ቀን ቀን በጎን እየሆንኩ አልፋቸው ነበር፤ ሲቆይ በጎን ማለፌንም ረሳሁት። አንድ ሌሊት መብራት ሳላበራ ስሄድ የነጠላ ጫማዬ ጫፍ ከአንዱ ካርቶን ክዳን ሥር ገባ። መደርደሪያውን ያዝኩ፤ መደርደሪያው አብሮኝ መጣ። ቀኝ እጄ አንጓው ላይ ተሰበረ። ስልኬ የነበረው ኮመዲኖው ላይ ነው። በክርኔ እየተጎተትኩ ደርሼ ሳነሳው መስኮቱ ነግቶበት ነበር። ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት በጀሶ። ፀጉር ማበጠሩ፣ የድስት ክዳን መክፈቱ፣ የሹራብ ቁልፍ መቆለፉ ሁሉ ሰው ፈለገ። ቤት መያዝና ራስን መጠበቅ አንድ ሥራ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። እነዚያን ካርቶኖች ማንሳት ለገላዬ የማደርገው ነገር ነበር፤ እኔ ግን የቤት ሥራ መስሎኝ አሳደርኩት።

ይህ የእኔ ዕጣ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ሰው ሳይታሰብ በሚደርስ አደጋ ከሚሞትባቸው ምክንያቶች መውደቅ ሁለተኛው ነው፤ በመውደቅ በብዛት የሚሞቱትም ከ60 ዓመት በላይ ያለን ሰዎች ነን። ስለዚህ ጓዳው ምንም ያህል ቢዝረከረክ ይቆይዎ። ጓዳ አይጥልም።

መንገዷን እንዲህ ያጽዱ። በቀን አንዴ ይሂዱባት፣ ወደ እግርዎ እያዩ። ካርቶን፣ ጫማ፣ ባልዲ፣ አበባ ያለበት ማሰሮ፣ ምንም ይሁን ከዚያ ይነሳ። ጫፉ የተጣጠፈ ትንሽ ምንጣፍ ካለ ያንሱት፤ ስጦታ ነው፣ ያምራል ብለው አይማሩት። ወለሉን የሚያቋርጥ የኤሌክትሪክ ገመድ በግድግዳው ጥግ ይዙር። ከዚያ ብርሃኑ። ዕድሜ ሲገፋ የዓይናችን ብሌን በጨለማ እንደ ድሮው አይሰፋም፤ ከብርሃን ወደ ጨለማ ስንገባም ለመላመድ ጊዜ ይወስዳል። እኔ ሰው ሲያልፍ በራሷ የምትበራ ትንሽ መብራት ኮሪደሩ ላይ አስደረግኩ፤ በዚህ ቤት ውስጥ እንደ እሷ የጠቀመኝ ዕቃ የለም። ጫማዎም ተረከዝ የሚይዝ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን። ስልክዎ ደግሞ ከእርስዎ ጋር ይሂድ፣ ኪስ ያለው የሌሊት ልብስ ይልበሱ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ መንገዷ ብትጸዳም ድንገት ብድግ ማለት ይጥላል። ከተኛንበት ስንነሳ የደም ግፊታችን ለጥቂት ጊዜ ሊወርድ ይችላል፤ የግፊት መድኃኒት የምንወስድ ሰዎች ላይ ይብሳል። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እግሬን ወለል አስነክቼ ቁርጭምጭሚቴን አሥር ጊዜ ላይ ታች አደርጋለሁ፣ ከዚያ ቆሜ አልጋውን እንደያዝኩ አንድ ሁለት ትንፋሽ እወስዳለሁ። ማዞር በተደጋጋሚ የሚሰማዎት ከሆነ ለሐኪም ይንገሩ፤ ተኝተውና ቆመው ግፊትዎን ይለካሉ። የእንቅልፍ መድኃኒትም መውደቅን ያበዛል፤ የሚወስዱ ከሆነ በራስዎ አያቁሙት እንጂ ሐኪምዎን ያማክሩ።

ከመንገዷ ቀጥሎ መታጠቢያ ቤቱ ነው። ፎጣ መስቀያ ብረት የሰው ክብደት አይችልም፤ ሲንሸራተቱ የሚይዙት ነገር ግድግዳው ውስጥ በደንብ የተቸነከረ መያዣ መሆን አለበት። ወለሉ ላይ የማያንሸራትት የላስቲክ ምንጣፍ፣ ሻወር ሥር ደግሞ ጠንካራ በርጩማ ያስፈልጋል። ተቀምጦ መታጠብ መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፤ የበሽተኛ ሥራ መሰለኝ። አሁን ግን ጀርባዬን ሙቅ ውኃው እየመታኝ እግሬን ተረጋግቼ ጣት በጣት የማጥበው በዚያች በርጩማ ምክንያት ነው። ውኃው ደግሞ ለብ ይበል። ቆዳችን እየሳሳ ስለሚሄድ ቶሎ ይቃጠላል፤ የውኃ ማሞቂያ ካለዎት ከቧንቧ የሚወጣው ከ49 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳይበልጥ ያስደርጉ።

ሳሙና መላ ገላ ላይ በየቀኑ አያስፈልገንም። ብብት፣ ብልት አካባቢና እግር ይበቃል፤ ሌላው በውኃ ይሁን። የቆዳችን ወዝ በዕድሜ ስለሚቀንስ ሳሙና ሲበዛ ያሳክካል፣ ሌሊት ሲያኩት ይቆስላል። ፎጣውን ሳያሹ ጠጋ ጠጋ አድርገው ያድርቁና ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ሎሽን ወይም ቫዝሊን ይቀቡ። የእግሩን ግን መታጠቢያ ቤት ውስጥ አይቀቡት፣ ያንሸራትታል። አልጋዎ ላይ ተቀምጠው ቀብተው የማያንሸራትት ካልሲ ያጥልቁ። በጣቶች መካከል ሎሽን አይግባ፤ እርጥበት ተይዞ ይላጣል። ጥፍር ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ጥጉ አይቦርቦርም። የእግሬን ሥር ጎንበስ ብዬ ማየት ስላቃተኝ ወለል ላይ መስተዋት አድርጌ ከላይ ሆኜ አያለሁ። ስኳር ያለበት ሰው ይህን በየቀኑ ማድረግ አለበት፤ እግሩ ቆስሎ ላይሰማው ይችላልና።

እንግዲህ ዕቃው። እኔ መጀመሪያ «ያስፈልገኛል ወይስ አያስፈልገኝም» እያልኩ ነበር የምለየው፤ በዚያ ጥያቄ ሁሉም ያስፈልጋል። አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ይህን ዕቃ ለማንሳት ምን ላይ መውጣት ወይም ምን ያህል ማጎንበስ አለብኝ? በየቀኑ የምነካው ሁሉ ከጉልበቴ በላይ ከትከሻዬ በታች ይቀመጣል። ወንበር ላይ የሚያስወጣ ነገር አንዴ በጎልማሳ እጅ ይወርድና ዳግም ወደ ላይ አይመለስም። ለወረደው ዕቃ ከጉልበት እስከ ትከሻ ባለው ቦታ ማደሪያ ከጠፋ፣ ወይ እሱ ይወጣል ወይ እዚያ ያለው ይወጣለታል። ትልቁን ድስቴን የሰጠሁት እንዲህ ነው። ባዶውን እንኳ በሁለት እጅ አላነሳውም ነበር፤ ሙሉ ሆኖ ከምድጃ የሚያወርደው ማን ሊሆን ኖሯል?

ሥራው ተቀምጦ ይሠራል። መሳቢያውን ከነዕቃው አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት፤ ከከበደ ልጆችዎ ሲመጡ ያውጡልዎ። ሰዓት ይሙሉ፣ 20 ደቂቃ። ሲጮኽ ያቁሙ፣ ደስ ብሎዎት እየሄደ ቢሆን እንኳ። እኔ ደስ ብሎኝ ሦስት ሰዓት በሠራሁበት ማግስት ወገቤን ይዤ ሁለት ቀን ተኝቻለሁ። የሚሰጠው ዕቃ ደግሞ በሳምንቱ ከበሩ ይውጣ። በር ሥር የተቀመጠ ፌስታል ወር ከቆየ ያው የእኔ ካርቶን ሆነ ማለት ነው፤ ተመልሰው እየከፈቱ አንድ አንዱን ማውጣትም ይጀምራሉ።

የባለቤትዎ ልብስ ሁለት ዓመት ቆየ ብለው ያፈሩ ይመስላል። አይፈሩ፣ አያሳፍርም። ቁም ሳጥን ውስጥ የተሰቀለ ኮት ማንንም አያደናቅፍም። የእኔ ባለቤት ኮት እስከ ሦስተኛው ዓመት ቆየ። ያወረድኩት ቀን ኪሱን ስፈትሽ የታጠፈ መሐረብና በቢላ የተቀረጸች፣ ከአውራ ጣቴ የማትረዝም እርሳስ አገኘሁ። መስቀለኛ ቃላት የሚሞላባት ነበረች፤ ጫፏ ላይ የጥርሱ ምልክት አለ። አልጋው ላይ ተቀምጬ ብዙ ያዝኳት። ኮቱን ብርድ ለሚያንቀጠቅጠው ሰው ሰጠሁት፤ እርሳሷ አሁን ስልክ ቁጥር ከምጽፍበት ደብተር ጋር ናት፣ በየቀኑ አያታለሁ። ያንን ኮት ልጆቼ በአንድ ቅዳሜ ከሌላው ጋር ጠቅልለው ቢያወጡት ኖሮ እርሳሷ አብራ ትሄድ ነበር። የአንድ ቀን ጥረጋውን የምቃወመው ለዚህ ነው። የበሰበሰ፣ የሻገተ ወይም መውጫ በር የዘጋ ነገር ካለ ግን እሱ ቀጠሮ አይሰጠውም።

የባለቤትዎ መድኃኒት ቀርቶ ከሆነ እሱንም አያቆዩት። ከእርስዎ መድኃኒት ጋር ይደባለቃል፣ አንድ ቀን መነጽር ሳያደርጉ ይውጡታል። ጊዜው ካለፈው ጋር አንድ ላይ ሰብስበው ፋርማሲ ይጠይቁ፣ እንዴት እንደሚወገድ ይነግሩዎታል። ወረቀት ላይ ብዙ አይድከሙ፤ መታወቂያ፣ የቤት ሰነድ፣ የጡረታ ወረቀት፣ የሚወስዱት መድኃኒት ዝርዝር ከነመጠኑ በአንድ ፋይል ይሁንና የት እንዳለ የሚያምኑት አንድ ሰው ይወቅ። ሌላው ወረቀት ይጠብቅ።

የዕለት ጽዳቱን በተመለከተ «ትልቅ ጽዳት» የሚባለውን ቀን ትቼዋለሁ። ዛሬ መታጠቢያ ቤት፣ ነገ ማድ ቤት፣ ከነገ ወዲያ አንሶላ ብቻ። ወለል ሲወለውሉ ግማሹን ወልውለው ደረቁ በኩል ይቀመጡ፣ ሲደርቅ ሌላው። በረኪናን ከአሲድ፣ ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ደግሞ ይብሳል። መስኮት፣ አምፖልና መጋረጃ የእኛ ሥራ መሆኑ አብቅቷል።

ስለ ጉልበትዎ የጠየቁት አለ። ጀሶዬ ከተፈታ በኋላ የሰውነት እንቅስቃሴ የምታሠራኝ ባለሙያ እጄን ብቻ መስሎኝ ስሄድ እግሬን ፈተነችኝ። እጅን ደረት ላይ አጣምሮ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከወንበር ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተነስቶ መቀመጥ ይቻላል የሚል ፈተና ነው። ከ65 እስከ 69 ዓመት ላለች ሴት ከ11 በታች ከሆነ፣ ከ70 እስከ 74 ላለች ደግሞ ከ10 በታች ከሆነ የመውደቅ ሥጋት አለ ይባላል። እኔ 6 ነበርኩ። ወንበሩን ግድግዳ አስደግፌ፣ መጀመሪያ በእጄ እየተደገፍኩ፣ ጠዋትና ማታ አምስት አምስት ጊዜ ጀመርኩ። ዛሬ 12 እነሳለሁ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ65 ዓመት በላይ የሆንን ሰዎች ቢያንስ በሳምንት ሦስት ቀን ሚዛንና ጥንካሬ የሚጠብቅ እንቅስቃሴ እንድናደርግ ይመክራል። ጉልበትዎ የሚያብጥ ወይም የሚወጋ ከሆነ ግን አስቀድመው ይታዩ።

ውኃ ይጠጡ፤ ጥማት በእኛ ዕድሜ ዘግይቶ ነው የሚሰማው። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለ መጠኑን ሐኪም ይወስን። ጠዋት ደግሞ ማንም ባይመጣም ፀጉርዎን ያበጥሩ፣ የቀን ልብስ ይልበሱ። እጄ ተሰብሮ ሳለ ጎረቤቴ መጥታ ፀጉሬን ያበጠረችልኝ ቀን ቤቱ ራሱ የተጸዳ መሰለኝ።

ልጆችዎን ያንን ቅዳሜ አይከልክሏቸው፤ ፍቅር ነው የሚያስኬዳቸው። ይምጡ፣ ሥራውን ግን እርስዎ ይስጧቸው። ኮሪደሩ ይጽዳ፣ ከላይ ያለው ሁሉ ይውረድ፣ የመታጠቢያ ቤቱ መያዣ ይቸንከር፣ አምፖል ይቀየር። ቁም ሳጥኑና የባለቤትዎ ዕቃ ለእርስዎ ይቆዩ፣ በ20 ደቂቃዎ። ማታ እነሱ ሲሄዱ ወንበር ላይ ተቀምጠው በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተነሱ ይቁጠሩና ይጻፉልኝ፤ እኔም የእኔን እጽፍልዎታለሁ።